አያ ጅቦ ዋሻውን በሣጥን የለወጠ ጊዜ

ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል፤ ጆሮ የሌለው ዕቃ ይግዛ። ተረቴን ልጀምር ነው።

ድሮ ድሮ፣ አራዊት ሁሉ አፍ አውጥተው ሲናገሩ፣ ሣጥንና ገመድም ነገር ሲያውቁ፣ ከቋጥኙ ሥር አንድ አያ ጅቦ ይኖር ነበር። የዚህ አያ ጅቦ ጆሮ ለጉድ ነው። ሦስት ተራራ ማዶ ቅልጥም ሲሰበር ይሰማል። የማን ቅልጥም እንደሆነም ይለያል። አንድ ነገር ብቻ አይሰማም፤ ሲነግሩት አይሰማም።

አያ ጅቦ አንድ ሐዘን ነበረበት። በመንገድ ሲያልፍ ሰላም የሚለው አልነበረም። ፍየል በሯን ትዘጋለች፣ አህያ መንገድ ትቀይራለች፣ ጥንቸል ልጆቿን ትሰበስባለች። «ምናለ አንድ ቀን እንኳ እንደምን አደሩ አያ ጅቦ ቢሉኝ?» እያለ ይተክዛል። እዚህ ላይ እኔም አዝንለታለሁ። ከዚህ በኋላ ግን አላዝንለትም፤ እናንተም አትቸኩሉ።

ታዲያ አንድ ጊዜ ዋሻውን አሰፋና ድግስ ደገሰ። አራዊቱም ደጋሹ ጅብ ቢሆንም ድግሱ ድግስ ነው ብለው ግልብጥ ብለው መጡ። ሲበሉ ዋሉ። በኋላ አዝማሪው ፌንጣ ተነሣ፤ እግሩን እንደ ማሲንቆ እየገዘገዘ እንዲህ ብሎ ዘፈነ፦

አያ ጅቦ ጌታው፣ ስሙ ሩቅ ይሰማል፣
ሲነጋ ይበላል፣ ሲመሽም ይበላል።

ድግሱ በሳቅ ፈረሰ። አህያ እንባዋን ጠረገች፣ ፍየል ሆዷን ያዘች። አያ ጅቦ በዚያች ሰዓት የበሬ ቅልጥም እየቆረጠመ ስለነበር ግጥሙን በደንብ አልሰማም። ሳቁን ግን ሰማ። «ወደዱኝ!» አለ፤ ልቡም አበጠ። ፌንጣም ዘፈኑን በፍላሽ ቀድቶ ሰጠው።

አሁን ይቺን ልብ በሉ። በፍላሽ ውስጥ ያለ ዘፈን ዘፈን አይደለም፤ ቁጥር ነው። አንድና ዜሮ፣ ዜሮና አንድ ብቻ። ቁጥር ደግሞ በራሱ አይዘፍንም። ስለዚህ ቁጥሩን አንብቦ ወደ ድምፅ የሚመልስ ተርጓሚ ሣጥን ያስፈልጋል፤ ከተሜዎቹ ዳክ ይሉታል። ዳኩ ይተረጉማል፣ አምፕሊፋየሩ ያጎላል፣ ስፒከሩ ይጮኻል። አያ ጅቦ ቤት አንድ አሮጌ ዳክ ነበር። አፉ ገንፎ የጎረሰ ይመስላል፤ ጠበቅ ያለውን ቃል ሁሉ አላልቶ ነው የሚናገረው። አያ ጅቦ ዘፈኑን በዚህ ሣጥን ሰማና «ሲነጋም ሲመሽም የሚበላ ጌታ ብለው አሞገሱኝ!» ብሎ በደስታ ሦስቴ ዞረ።

በዚያው ሰሞን የዕድሩ ዳኛ አያ አንበሳ አርጅቶ «በቃኝ፣ ሌላ ፈልጉ» አለ። ዳኛ የሆነን ሁሉም ሰላም ይለዋል፤ ሲገባ ይነሡለታል። «ዳኛ መሆን የሚፈልግ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከሾላው ሥር ምስክሩን ይዞ ይቅረብ» ተባለ።

«የእኔ ምስክር ዘፈኔ ነው!» አለ አያ ጅቦ።

ይህን የሰማ ጉሬዛ ነጭ ካባውን ደርቦ ከዛፍ ወረደ። ጉሬዛ ሙዚቃ አይሰማም። የሙዚቃ ማሰሚያ ይሸጣል። መጥቶ ቁጭ አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«አያ ጅቦ፣ ያሳዝናል» አለ።

«ምኑ?»

«ይህን የመሰለ ሙገሳ በዚህ ሣጥን? ድምፁ መጋረጃ ለብሷል እኮ። ይህን ለሕዝብ ሊያሰሙ ነው?»

አያ ጅቦ ደነገጠ። ጉሬዛም ፊቱ በወርቅ የተለበጠ ሣጥን አወጣ። ሣጥኑ ደረቱን ነፍቶ «እኔ ሠላሳ ሁለት ቢት ነኝ» አለ።

«ቢት ምንድን ነው? ሥጋ ነው?» አለ አያ ጅቦ።

«ብዙ ከሆነ ጥሩ ነው» አለ ጉሬዛ።

ይህ ለጅብ የሚገባ ቋንቋ ነበር። የክረምቱን ቋንጣ በሙሉ ሰጠና የወርቁን ሣጥን ወሰደ። ሰካው፣ ሰማው። ሣጥኑ ወርቁን ለማሳየት ነው እንጂ ለመተርጎም አልተሠራም፤ ቃሉን እንደ አሮጌው አላልቶት አለፈ። አያ ጅቦ ግን ቋንጣውን ስለሰጠ ልዩነት መስማት ነበረበት። ጓዳ ላለችው ሚስቱም «አየሽ? የፌንጣ ጉልበት ሲንቋቋ ሁሉ ይሰማል!» አላት።

ሚስቱ እመት ጅቢት ከጓዳ ብቅ አለች። «አንተ፣ ለመሆኑ ግጥሙን ሰምተኸዋል?»

«ዝም በይ፣ ጉልበቱን እየሰማሁ ነው!»

ሁለተኛው ሳምንት ሲመጣ ጉሬዛም መጣ። ቁጭ አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«አያ ጅቦ፣ ያሳዝናል» አለ።

«ደግሞ ምኑ?»

«ጥራቱስ መጣ፤ ሙቀት ግን የለውም። ሕዝብ ፊት ይህን የመሰለ ቀዝቃዛ ሙገሳ?»

አሁን ያወጣው ሣጥን በአናቱ ላይ ቀይ አምፖሎች የበሩበት ነበር። ሣጥኑ እየተሽኮረመመ «እኔ የሚመጣልኝን ሁሉ ማር እቀባዋለሁ» አለ። ከሣጥኑ ጋር የዘንዶ ውፍረት ያለው ገመድ ነበረ። አያ ጅቦ ገመዱን ሲያየው ዓይኑ ፈጠጠ።

«አንተስ ምን ታደርጋለህ?» አለው።

ገመዱም ምስኪን ነገር ስለነበር እውነቱን ተናገረ። «እኔማ ከዚህ ተቀብዬ እዚያ አደርሳለሁ። ቀጭኑ ወንድሜም እንደዚሁ ያደርሳል» አለ።

ጉሬዛ ገመዱን ጠቅልሎ አፉን በእጁ ያዘው። «ትሑት ነው» አለ። «ጥሩ ገመድ እንዲህ ራሱን ዝቅ ያደርጋል።»

ለዚህ ደግሞ የሚተኙበት ቁርበት ሄደ። እመት ጅቢት በባዶ ድንጋይ ላይ ተኝታ ጎኗን እያሻሸች ተነሣች። አያ ጅቦ ከስፒከሩ ፊት ተጎልቶ፣ ማር የተቀባውን ዘፈኑን እየሰማ ጭራውን ይቆላል።

«አንተ፣ ግጥሙን ልብ ብለህ ስማው» አለችው። «ቃሉ እኮ ጠበቅ ይላል።»

«ጠበቅ ያለው ባሱ፣ ወፍራሙ ድምፅ ነው!» አላት። «ዝም በይ፣ ሙቀቱን እየሰማሁ ነው!»

ሦስተኛው ሳምንት መጣ። ቅዳሜ ጧት አያ ጅቦ ራሱ ጉሬዛ ዛፍ ሥር ሄዶ ቆመ። ጭንቀት ይዞታል። ወርቁም አላረካውም፣ ማሩም አላረካውም። ሙገሳው ውስጥ ገና ያልሰማው ነገር ያለ ይመስለዋል። በዚህስ አልተሳሳተም።

«ከዚህ በላይ የለም የሚባለውን አምጣ!» አለ።

ጉሬዛ ራሱን አከከ። ዕቃ አልቆበታል። ከጥግ አንዲት ትንሽ ግራጫ ሣጥን ነበረች፤ ሦስት ገዢዎች ወስደው ሦስቱም የመለሷት። ለምን እንደመለሷት ጉሬዛ ጠይቆ አያውቅም። ከፍቶ አዳምጧትም አያውቅም። አቧራዋን በካባው ጠረገና በሁለት እጁ አቀረባት።

«ይቺን የሚይዙት ዋናዎቹ አዋቂዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ዋጋዋ ዋሻዎ ነው» አለ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ዋሻዬ?»

«ነገ ዳኛ አይደሉም እንዴ? የዳኛ ቤት ይሰጥዎታል።»

አያ ጅቦ ዋሻውን አስረከበ። ሣጥኗን ታቅፎ ሲመለስ እመት ጅቢት ወሬውን ሰምታ ከደጅ ጠበቀችው።

«ቤታችንን?» አለች። «ልጆቼን የወለድኩበትን ቤት በሣጥን? ስማኝ፣ አሁንም አልረፈደም። ያ ዘፈን ሙገሳ አይደለም፤ ፌንጣ ያለው እኮ—»

«ዝም በይ!» አላት። «ነገ ከሕዝቡ ጋር ትሰሚዋለሽ!»

ግራጫዋ ሣጥንም ከክንዱ ሥር ተናገረች። «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ የተባለውን እላለሁ። አልጨምርም፣ አልቀንስም፣ አላለዝብም። እባክዎ መጀመሪያ ብቻዎን ይስሙኝ።»

«ሣጥን ሆነሽ ምክር ጀመርሽ?» አለና በጨርቅ ጠቀለላት።

እሑድ ሆነ። አራዊቱ ከሾላው ሥር ተሰበሰቡ። አያ አንበሳ መሐል ተቀመጠ። አያ ጅቦ ሣጥኗን አስቀመጠ፣ ወፍራሙን ገመድ ሰካ፣ ስፒከሩን ወደ ሕዝቡ አዞረ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዳኝነት ለሚወደድ ነው» አለ። «እኔ እንደምወደድ ዘፈኔ ይመስክር!»

ሣጥኗ ፍላሹን ተቀበለች። ቁጥሩን አነበበች፤ አንድና ዜሮ፣ ዜሮና አንድ። የፌንጣ ድምፅ እንደዚያ ቀኑ ጥርት ብሎ ወጣ። «ስሙ ሩቅ ይሰማል» ሲል አያ ጅቦ አንገቱን ሰገገ። ከዚያ ያ ቃል መጣ። ላላ ብሎ አልመጣም። በው ጠብቆ፣ ላው ጠብቆ፣ አንዴ ሲነጋ፣ አንዴ ሲመሽ፣ «ይበላል» አለ። ላላ ሲል፣ ጌታው ሌላውን ይበላል። ጠበቅ ሲል ግን፣ ጌታው ራሱ ይበላል፤ ይታለላል፣ ይራቆታል፣ የሞኝ ድግስ ይደግሳል።

ሕዝቡ መሬት ላይ ተንከባለለ። የጥንቸል ልጆች «ይበላል! ይበላል!» እያሉ ዘለሉ፤ እነሱም ጠበቅ አድርገው።

አያ ጅቦ ሣጥኗን አንቆ ያዛት። «ዋሸሽ! ቃሉን አጣመምሽ!»

«ጌታዬ፣ የተባለውን ነው ያልኩት» አለች። «ዘፋኙ እዚህ አለ፤ ይጠየቅ።»

ፌንጣ ከሣር ላይ ተነሣ። «እኔ ከመጀመሪያውም ጠበቅ አድርጌ ነው የዘፈንኩት። ያን ጊዜ ፊትህ ቆሜ ነበር። በመሐላችን ሣጥንም አልነበረ፣ ገመድም አልነበረ።»

«ታዲያ እናንተ ሁላችሁም ሰምታችኋል?» ብሎ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ድግሴን በልታችሁ፣ ይህን ሰምታችሁ፣ አንድ እንኳ የሚነግረኝ ጠፋ?»

ፍየል እግሯን አየች፣ አህያ ሰማይ ሰማዩን አየች። እመት ጅቢት ብቻ «ሦስቴ» አለች።

አያ ጅቦ ዓይኑን ሲያዞር ጉሬዛን አየው። ጉሬዛ የአያ ጅቦን ቁርበት አንጥፎ፣ በላዩ ተቀምጦ፣ የአያ ጅቦን ቋንጣ ይቀነጥባል።

«ዋሻዬን መልስልኝ!»

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ ጉሬዛ። «ደግሞስ ምን ጎደለብዎት? ጥራት ፈለጉ፣ ጥራት አገኙ።»

አያ አንበሳ «ዝምታ!» አለ። «ዳኛ እንምረጥ።» አራዊቱ ትንሽ ተንሾካሾኩ። ካባው ነጭ ነው፣ አነጋገሩ የረጋ ነው፣ ቁርበቱም የጌታ ነው ተባባሉ። ጉሬዛን የዕድሩ ዳኛ አድርገው መረጡት። በማግስቱ ሁሉም በየመንገዱ «እንደምን አደሩ ጌታዬ» ይሉት ጀመር። ዋሻውስ ዛፍ ላይ ለሚኖር ምን ያደርግለታል? ለጃርት አከራየው።

አያ ጅቦና ሚስቱ ከሾላው ሥር ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ፌንጣ አንጀቱ አልችል ብሎት ተመለሰ።

«አያ ጅቦ፣ አንዴ ብቻ ልዝፈንልህ። ያለ ሣጥን፣ ያለ ገመድ። በዚያ በጆሮህ ስማው፤ ምናልባት ትማርበታለህ።»

ዘፈነም። አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን አቁሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። እመት ጅቢት «አሁንስ ገባው» ብላ በተስፋ አየችው።

አያ ጅቦ ዓይኑን ገለጠ። ራሱን ነቀነቀ።

«ያሳዝናል» አለ። «ሙቀት ይጎድለዋል።»

እመት ጅቢት ልጆቿን ሰብስባ ወደ እናቷ አገር ሄደች፤ እሱ መሄዷን የሰማ አይመስለኝም። እናንተ ግን ይህን ያዙ፦ ጥሩ ሣጥን የተባለውን በሙሉ ያደርሳል፣ ለማይሰማ ልብ ግን ጆሮ አይገጥምም። የእኔ ተረት እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሲነግሯችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ስሙ፣ ሌላው ጠበቅ አድርጎ ሳይበላችሁ።