አህያው ሲልገው የኖረው ክንፍ

አንድ ጊዜ፣ ይህን ተረት መጀመሪያ ያጫወቱን የእጅ ሥራ መምህሩ ጋሽ ይመኑ ተሰማ እንዳሉት፣ በገደል አፋፍ ላይ አንድ መምህር አህያ ይኖር ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሞተር የሌላት፣ ከመሬት ሆኖ በሬዲዮ የሚመራት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። ትንሽ መባሏ እንኳ ልክ አይደለም፤ ክንፏ ከጆሮዎቹ ይረዝም ነበር።

አያ ጅቦ ይህን ሰምቶ መጣ። «ነገ ጠዋት መጫወቻህ ገደሉን ከተሻገረች አልነካህም። ከወደቀች ግን ምግቤ ነህ» አለው።

አህያው ተማሪ ፊት የቆመ ያህል ደረቱን ነፋ። «የነፋስን ጠባይ እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል? ይሁን!»

ክንፉ ከላይ ጎበጥ፣ ከታች ደልደል ያለ ነበር። አውሮፕላኗን ሲሞክራት በነፋሱ ላይ ተንሳፍፋ ሜዳውን ዞረችና እግሩ ሥር አረፈች።

«እሰይ! በረረች እኮ፣ መምህር!» አለች ከሜዳው ዳር ሆና ስትመለከት የነበረችው እመት ቀበሮ።

«መብረሩንስ በረረች፤ ግን ጉብታው ጥቂት ይበዛል» አለና ክንፉን ላገው። እንደገና በረረች። «አሁን ደግሞ የኋላ ጠርዙ ወፍሯል» ብሎ እንደገና ላገው።

«የፈተና ወረቀት መሰለዎት እንዴ? ቀይ እስክሪብቶ ቢያገኙ ሊያሰምሩበት ነው!»

«ዝም በይ! እርማት ክንፍ አይሰብርም።»

ቀበሮም ዝም አለች፤ ከጅብ ማዕድ ፍርፋሪ እንደማይጠፋ ታውቃለችና።

በማግሥቱ ጅቦ ለሃጩን እያዝረበረበ አፋፉ ላይ ተቀመጠ። አህያው «ለመጨረሻ ጊዜ» እያለ ክንፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፤ የሽንኩርት ልጣጭ አሳከለው። ከዚያ ለቀቃት። ክንፉ እንደ ጨርቅ ተርገበገበ፣ ታጠፈ፤ አውሮፕላኗም ገደል ገባች።

«ቆይ! ስሕተቱን አግኝቼዋለሁ!» ሲል ጮኸ አህያው።

«እኔም ቁርሴን አግኝቻለሁ» አለ ጅቦ እየተነሣ። «ግን ክንፍ ያላት ነገር ዶሮ ሳትሆን አትቀርም፤ እሷን ላስቀድም!» ብሎ ወደ ገደሉ ተንደረደረ።

ያኔ አህያው ሮጠ። አሯሯጡ ለዓይን የሚያሳፍር ነበር፤ አንገቱ ወዲያ፣ ጭራው ወዲህ፣ የኋላ እግሩ የፊቱን እየረገጠ። ቆም ብሎ ሊያስተካክለው ቃጣው፤ ጊዜ ግን አልነበረም። በዚያው ባልታረመ ሩጫ በረቱ ገብቶ ተረፈ።

ከዚህ የምንማረው፣ የበረረን ክንፍ እንዲበር መተው ራሱ ትልቅ እርማት መሆኑን ነው፤ ይህንንም ስጽፍና ስሰርዝ ከርሜ የጨረስሁት ዛሬ ሐሙስ፣ ይቅርታ፣ ዓርብ ነው፤ እንዲሁ ይቆይ።