ብድግ ያለው መርፌ

ፊታውራሪ መሸሻ የከተማው ገዢ በነበሩ ጊዜ አንድ የሸክላ ማጫወቻ ገዙ። መርፌውን የሚይዘውን ካርትሪጅ የሚመርጥላቸው ግን አጡና አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ አስጠሩ። ጠጋኙ ሁለት ዓይነት ይዞ መጣ፤ አንዱ ሸክላውን ጫን ብሎ የሚይዝ ከባድ ነው፣ ሌላው ድምፁ የጠራ ነገር ግን ትንሽ ንቅናቄ የማይችል ቀላል። "ለእርስዎስ ጥራት ያለው ይሻላል" ብሎ ቀላሉን ገጠመላቸው።

እሑድ እንግዶች ተሰብስበው ዘፈኑ ሲንቆረቆር ፊታውራሪ ወደ ሳሎኑ ገቡ። መርፌው ዘለለ። ተናደው ወጡና ተመልሰው ገቡ፤ አሁንም ዘለለ። እንግዳው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። ጠጋኙ ከሱቁ ተጎትቶ መጣ።

"እኔ ስገባ የሚዘለው ለምንድን ነው?" ብለው ጮኹበት። "ወይ የመረጥኩልዎ መርፌ አይረባም በልና ሱቅህን ላሽገው፤ ወይ ጥፋቱ የፊታውራሪ ነው በልና የሚመጣብህን ታያለህ!"

ጠጋኙ የጣውላውን ወለል አየት አደረገ።

"እስቲ አንዴ ወጣ ብለው ይግቡ፣ ጌታዬ።"

ወጥተው ገቡ። ሃያው እንግዳ እንደ ወጉ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ፤ ጣውላው ተንቀጠቀጠ፤ መርፌው ዘለለ።

"ጥፋተኛም የለ፣ ጌታዬ" አለ ጠጋኙ። "ይህ ሁሉ ሰው ብድግ ሲልልዎ እሱ ብቻውን እንዴት ተቀምጦ ይቅር? እርስዎ ሲገቡ ንቅንቅ የማይል ከፈለጉ ከባዱን ልግጠምልዎ፤ ኋላ ግን ናቀኝ ብለው እንዳያሳስሩት።"