ዶሮ ያስከደነችው ባለ ጎማ ቤት

«ተረት አለኝ» ስል «ጆሮ አለን» በሉኝ። ተረት አለኝ። ምነው ድምፃችሁ ሰለለ፣ ምሳ አልበላችሁም እንዴ? ድገሙት። ተረት አለኝ። እንዲህ ነው እንጂ፤ በሉ ስሙ።

በዱሮ ዘመን፣ እንስሳት ሲያወሩ፣ ቆርቆሮም ሲመልስላቸው፣ አንዲት ዶሮ በወንዝ ዳር ትኖር ነበር። በዱሮ ዘመን ቆርቆሮ ነበር ወይ የምትለኝ አንተ፣ እንስሳት ያወሩ ነበር ስልህ ዝም ብለህ የለም እንዴ? አሁንም ዝም በል።

እመት ዶሮ አሥራ ሁለት እንቁላል ታቅፋለች። አሥራ ስምንት ቀን ሞልቷታል፣ ሦስት ቀን ቀርቷታል። ታዲያ ሰማዩ ጠቆረ። ያ ወንዝ ክረምት ሲገባ ሜዳውን ሁሉ ይውጠዋል፤ ስለዚህ እንስሳው በየዓመቱ ወደ ኮረብታው ይወጣል። ዘንድሮም ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። እመት ዶሮ ግን እንዴት ትውጣ? ብትነሣ እንቁላሎቿ ይበርዳሉ፣ ብትቀመጥ ውሃ ይወስዳቸዋል። ጨነቃትና አለቀሰች።

ጎረቤቶቿ አያ አህያና እመት ጦጣ ልቅሶዋን ሰምተው መጡ።

«አንቺ መሄድ ካልቻልሽ ቤትሽ ይሂድ» አለ አያ አህያ። «ጋሪዬ ላይ ቤት እንሥራ፣ እኔ እጎትተዋለሁ።»

«ጣሪያውን ለኔ ተዉት» አለች እመት ጦጣ። «ስንቱን ቤት ከድኛለሁ።»

የከደነችው ሁለት ቤት ነው፤ አንዱ ፈርሷል። ግን ማን ደፍሮ ይንገራት?

ጋሪው ላይ የጣውላ ግድግዳ አቆሙ፣ በሩን በኋላ በኩል አወጡለት፣ እመት ዶሮንም ከነእንቁላሎቿ አስገቡ። ለጣሪያው ሦስት የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ተገኘ። አንዱ ያረጀ፣ የጎተራ ክዳን የነበረ፣ ጎርባጣ ነው። አንዱ ደህና ነው። አንዱ ደግሞ አዲስ፣ ፊት የሚያሳይ፣ አብረቅራቂ ነው።

«እኔ ከማንም ሥር አልተኛም» አለ አብረቅራቂው።

«ማን ከሥር ተኛ አለህ፣ የኔ ጌታ?» አለች እመት ጦጣ። «በአገራችን ደንብ ቆንጆው ቆርቆሮ በር ላይ ነው የሚውለው፣ እንግዳ እንዲያየው። ጫፉም ከሌሎቹ በላይ ይደረባል።»

እንዳለችውም ጎርባጣውን ከፊት አነጠፈች፣ ደህናውን በጎርባጣው ጫፍ ላይ ደረበች፣ አብረቅራቂውን ከሁሉም በላይ አድርጋ በበሩ በኩል መታችው። ቷ፣ ቷ፣ ቷ።

«እኔ ግን የሚመስለኝ…» አለች እመት ዶሮ ከውስጥ።

«አንቺ እንቁላልሽን ታቀፊ፣ ጣሪያውን ለኔ ተዪ» አለቻት እመት ጦጣ።

አያ አህያ ለሙከራ ሜዳውን ሶምሶማ ሮጠበት። ነፋሱ ከፊት መጣ። የደህናውን ጫፍ አገኘና አንቀጠቀጠው፣ የአብረቅራቂውን ጫፍ አገኘና ከሥሩ ገባ። ጓ! አብረቅራቂው በረረ፤ ሄደው ከቁጥቋጦ ውስጥ አወጡት።

«ምስማር አንሶት ነው» አለች እመት ጦጣ። በማግስቱ አርባ ምስማር መታችበት።

«እኔ ግን የሚመስለኝ…» አለች እመት ዶሮ።

«አንቺ እንቁላልሽን ታቀፊ፣ ጣሪያውን ለኔ ተዪ።»

አያ አህያ ሶምሶማ ሮጠ። ነፋሱ ከፊት መጣ። ጓ! አብረቅራቂው በረረ፣ ያውም አርባ ምስማሩን ይዞ።

ሦስተኛው ቀን ነጋ። ካፊያ ጀመረ፣ ወንዙም ማጉረምረም ያዘ። እመት ጦጣ «ድንጋይ እንጫንበት» አለች። ጫኑበት። አያ አህያ ሮጠ፣ ጎማው ጉድጓድ ገባ፣ አብረቅራቂው በረረ፤ ድንጋዩ ግን አብሮት አልበረረም። ወደ ውስጥ ገብቶ ከእንቁላሎቹ አንድ ስንዝር ፈንጠር ብሎ ዱብ አለ።

ያን ጊዜ ያቺ ጭምት ዶሮ ተነሣች። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስትቆጣ ያያት የለም።

«በቃ፣ እመት ጦጣ» አለች። «አሁን አንቺ እንቁላሌን ታቀፊ፣ ጣሪያውን ለኔ ተዪ።»

እመት ጦጣ ገብታ ታቀፈች። እመት ዶሮ ሜዳው ላይ ወርዳ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች። ላባዋ ልጥፍ አለ። ቀጥላ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጠች። ላባዋ ሁሉ ተገለበጠ፣ ቆዳዋ ታየ። አያ አህያ ሳቁ አመለጠው።

«ሳቅ፣ ግን ደግሞ እይ» አለችው። «የፊቱ ላባዬ በኋለኛው ላይ ስለተኛ፣ ወደ ነፋሱ ስሄድ ነፋሱ መግቢያ አያገኝም። የቆመ ቤት ነፋስ ከየትም ይመጣበታል፤ የሚሄድ ቤት ግን ከፊት ነው የሚመጣበት። ከኋላ እንጀምር።»

አያ አህያ መዶሻውን በጥርሱ ያዘ። አምስት ምስማር አጣመመ፣ ስድስተኛው ገባለት። አብረቅራቂውን መጀመሪያ ከኋላ አነጠፉት።

«እኔ ከሁሉ ሥር?» ብሎ አኮረፈ።

«ከላባዬ ሁሉ የሚያምረው ጭራዬ ነው» አለችው እመት ዶሮ። «እሱም የበቀለው ከጀርባዬ ላባ ሥር ነው።»

ሦስቴ ቁጥቋጦ ውስጥ ወድቆ ነበርና ብዙ አልተከራከረም። ደህናውን በሱ ላይ ደረቡ፣ ጎርባጣውን ከፊት አምጥተው ከሁሉም በላይ አደረጉት።

«እኔን ከላይ? አልተሳሳታችሁም?» አለ ጎርባጣው።

«ነፋሱን ቀድመህ የምትቀበለው አንተ ነህ» አለችው።

የፊት ጫፉን በግድግዳው ላይ አጠፉት፣ የምስማሩን ቀዳዳ ሁሉ በሬንጅ ደፈኑ። ልክ የመጨረሻው ሲደፈን እመት ጦጣ ከውስጥ «ኧረ ሆዴን የሆነ ነገር ነከሰኝ» አለች።

እመት ዶሮ በሩጫ ገባች። ዝናቡ ወረደ። አያ አህያ ጎተተ። ነፋሱ ከፊት መጣ፤ የጎርባጣውን ጫፍ ፈለገ፣ አጣ፤ የደህናውን ፈለገ፣ አጣ፤ የአብረቅራቂውን ፈለገ፣ አጣ። ተናዶ ሄደ። ከኋላቸው ወንዙ ሜዳውን ዋጠው። ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ አልገባችም። ጣሪያው ተታ ተታ እያለ ይዘፍናል፣ ጫጩቶቹም አንድ በአንድ ይወጣሉ። ኮረብታው አናት ሲደርሱ አሥራ አንድ ሆኑ።

አሥራ ሁለተኛው እንቁላል ዝም አለ።

«በኔ ግትርነት ነው የበረደው» ብላ እመት ጦጣ አለቀሰች። እንቁላሉን አንሥታ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ብዙ ቆየ። በኋላ ቅርፊቱ ጠቅ አለ፣ ደግሞ ጠቅ አለ፣ አንድ እርጥብ ጭንቅላት ብቅ አለ። ጫጩቱ ዝናቡን አዳመጠና ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

«ይኼን ጣሪያ ማን ነው የሠራው?» አለ።

እመት ጦጣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጣሪያ ተጠይቃ «እኔ» አላለችም።

«እናትህ» አለችው።

ኮረብታው ላይ የነበሩት እንስሳት ሊቀበሏቸው በበሩ በኩል ግልብጥ ብለው መጡ፤ መጀመሪያ ያዩትም አብረቅራቂውን ነው። «እንዴት ያምራል!» አሉ። ኩርፊያውም በዚያው ቀረ።

ነገሩ ይኼ ነው ልጆች፤ ከላይ የሚደረበው ያማረው ሳይሆን ነፋሱን ቀድሞ የሚቀበለው ነው። ደግሞም ዶሮዋ «እኔ ግን የሚመስለኝ» ስትል በመጀመሪያው ቀን አስጨርሷት።

ተረቴን ጨረስኩ፤ ያዋሳችሁኝን ጆሮ ይዛችሁ ሂዱ።