ከማጠቢያው በታች

ዘኪያ የአካባቢ ሳይንስ ፈተናዋን ይዛ ጓደኞቿ ከወጡ በኋላ ክፍል ውስጥ ቀረች። «ብክለት ምንድን ነው? ምሳሌ ስጡ» ለሚለው ጥያቄ የፋብሪካ ጭስና የፕላስቲክ ከረጢት ጽፋለች። ከሥሩ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት «የቡና ልጣጭ ግን ብክለት አይደለም፤ ከዛፍ የመጣ ነው» ብላ ጨምራለች። መምህሯ ይህችን መስመር በቀይ አስምሮባታል።

«መምህር፣ የቡና ፍሬ መርዝ የለውም። ወፍ ይበላዋል፣ ሰው ይጠጣዋል። እንዴት አድርጎ ነው ብክለት የሚሆነው?» አለችው።

የዘኪያ አባት ከከተማው በላይ ወንዝ ዳር የቡና ማጠቢያ አላቸው። መምህሩ ይህን ያውቃል፤ እንደሚያውቅም እሷ ታውቃለች። ወንበር ስቦ ሰጣትና እንዲህ ሲል ነገራት።

ቡና የሚያጥብ አንድ ሰው ነበረ። ባለጸጋ ነበር፤ ክፉ ግን አልነበረም። የድሃ ልጅ ያስተምራል፤ ሐዘን የገባው ቤት ቀድሞ ይደርሳል፤ ሲበላ በሩን አይዘጋም። ማጠቢያው ከወንዙ ራስጌ ነው። ቡና በሚለቀምበት ወራት ገበሬው ቀይ እሸቱን እየጫነ ያመጣለታል። ማሽኑ ፍሬውን ይፈለፍለዋል፤ ቡናውም የለበሰው የሚያዳልጥ ዝልግልግ እስኪለቅ ድረስ በገንዳ ይታጠባል። ልጣጩና እጣቢው ወንዝ ይገባል። ወንዝ ይግባ ብሎ ያዘዘ ሰው አልነበረም፤ ቦዩ ወደዚያ ያዘነበለ ስለሆነ ብቻ ነው።

ሰውየው አንዳንድ ቀን ቦዩ ዳር ቆሞ ያያል። ልጣጩ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ሄዶ ወንዙ ከሚታጠፍበት ሲደርስ ይሰወራል። ከላይ ደግሞ ሌላ ንጹሕ ውሃ ይመጣል። «የሚሄድ ውሃ አይቆሽሽም» ይል ነበር፤ ከልቡም ያምን ነበር።

አንድ ዓመት ከታችኛው መንደር ሰዎች መጡ። አንድ ሽማግሌና ሁለት እናቶች ነበሩ። ከብቶቻቸው ውሃውን አሽትተው ይመለሳሉ፤ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ወንዝ የገባ ልጅ ገላው ሲያሳክከው ያድራል። ይህን ሊነግሩት ነበር የመጡት። ሰውየው ግን እንግዳ ሳይበላ አይናገርም ባይ ነው። አስገባቸው፤ በግ አረደላቸው፤ በእጁ አጎረሳቸው።

ከምግብ በኋላ ሽማግሌው ጀመሩ። «ልጄ፣ ውሃው ከላይ ሲመጣ...» አሉ።

ሰውየው በደግነት ሳቀ። «አባቴ፣ ቡና መርዝ ነው እንዴ? እኔም እርስዎም በየቀኑ የምንጠጣው አይደለም? ከዛፍ የወረደ ነገር ወንዝ አይጎዳም። ሌላ ምክንያት ቢፈልጉለት ይሻላል» አላቸው።

ሽማግሌው ገና ቅባቱ ያልለቀቀውን እጃቸውን ተመለከቱ። የሰው ምግብ በልቶ በዚያው ቤት ባለቤቱን መሞገት በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። አንደኛዋ እናት ልትናገር አፏን ስትከፍት ሁለተኛዋ ነጠላዋን ሳበቻት። «እሺ ልጄ፣ እንዳልክ» አሉ ሽማግሌው። መርቀውት ወጡ። እሱም እስከ ደጅ ሸኛቸው፤ ነገሩም በሰላም አለቀ ብሎ ደስ አለው።

ከዚህ በኋላ የሰውየው ልጅ አካለ መጠን ደረሰ። ገበያ ውስጥ ያያትን አንዲት ልጅ ወደደና ከእሷ በቀር አላገባም አለ። ልጅቷ የታችኛው መንደር ልጅ ነበረች። አባት በልማዱ ሽማግሌ ልኮ ቤቱ መጠበቅ ነበረበት። እሱ ግን ልጁን ይወድ ነበርና «ራሴ ሄጄ እለምናለሁ» ብሎ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ወረደ። ጊዜው ቡና የሚታጠብበት ወር ነበር። በዚያ ወር ከወንዙ መታጠፊያ በታች ወርዶ አያውቅም፤ ሥራ ስለሚበዛበት ከማጠቢያው አይለይም።

ደርሶ ሲያይ የልጅቷ አያት ያን ጊዜ ቤቱ መጥተው የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። ተነሥተው ተቀበሉት። ስላለፈው አንድ ቃል አላነሡም።

ምግብ ቀረበ። የልጅቷ እናት ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ ልታስታጥበው ጎንበስ አለች። ውሃው እጁ ላይ ሲፈስ ሽታው ወጣ። ሰውየው ሽታውን ያውቀዋል። እንደ ተበላሸ ጠላ የሚጎመዝዝ፣ አፍንጫ የሚይዝ ሽታ ነው። በማጠቢያው ዙሪያ ሲሸተው «ዘንድሮ ቡናው በዝቷል» እያለ የሚደሰትበት ሽታ ነበር። አሁን ግን ከሰው ቤት ማንቆርቆሪያ እየወጣ ነው። ሳያስበው እጁን ሰበሰበ።

እናትየው አየችው፤ ደነገጠችም። «ይቅር ይበሉን ጋሼ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «በዚህ ወራት ውሃችን እንዲህ ያደርገዋል። የሚጠጣው ግን ከተራራው ምንጭ የተቀዳ ነው። ልጄ ጎህ ሲቀድ ሄዳ ነው ያመጣችው። ለመጠጡ እንኳ አይሳቀቁ።»

ሰውየው ቀና ብሎ ሽማግሌውን ሲፈልግ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ከጎናቸው ያለው የልጅቷ አባትም እንደዚያው። ያን ጊዜ ገባው። ሽታው ከማን ደጅ እንደመጣ በዚያ ቤት የማያውቅ የለም። እንግዳ ስለሆነ ማንም አይነግረውም። ይባስ ብለው እነሱ ይቅርታ እየጠየቁት ነው።

በዚህ መሃል ከጓዳ ሕፃን አለቀሰ፤ የሆነ ሰው «እሽ» ብሎ ዝም አሰኘው። መጋረጃው ገለጥ ሲል ሰውየው አየ። ሕፃናት ጥግ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ቆሳስሎ ቅቤ ተቀብቷል። አንዷ ሴት ፈጥና መጋረጃውን መለሰችው። ልጆቹን የደበቋቸው ከእሱ ነበር። ገላቸው የቆሰለ ልጆች ያሉበትን ቤት አይቶ ጋብቻውን ይንቃል ብለው ፈርተው ነበር።

ሰውየው ተሰድቦ ያውቃል፤ በሐሰት ተከሶም ያውቃል። እንዲህ ያለ እፍረት ግን አያውቅም። ጆሮው ጋለ። ያልታጠበውን እጁን የት እንደሚያስቀምጠው እንኳ ቸገረው። ቢጮኹበት፣ ቢያስወጡት ይሻለው ነበር።

አብረውት ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ይህን አላስተዋለም። ጉሮሮውን ጠራርጎ «እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ...» ሲል ሰውየው ጉልበቱን ያዘው። «ቆይ» አለና ተነሣ።

«ልጃችሁን ልለምን ነበር የመጣሁት፤ አፌ እንቢ አለኝ» አለ። «አባቴ፣ ያን ቀን ሊነግሩኝ የመጡት እውነት ነበር። አክብሬ የተቀበልኳችሁ መስሎኝ ነበር። ለካ አፋችሁን በምግብ ዘግቼ ነው የሰደድኳችሁ።»

ሽማግሌው «ተቀመጥ ልጄ። ሳትቀምስ ከቤቴ አትወጣም» አሉት።

ይህም ጨመረበት። አንድ ጉርሻ ጎረሰ። ፈቃድ ጠይቆ ወጣ። ባልንጀሮቹን በመንገዱ ሂዱ ብሎ እሱ ወንዙን ይዞ ወደ ላይ በእግሩ ሄደ።

ውሃው ጠቁሯል፤ ድንጋዩ ሁሉ የሚያዳልጥ ዝቃጭ ለብሷል። አንድ እረኛ በሬውን ወደ ውሃው እየገፋ ይማታል፤ በሬው አንገቱን አዙሮ አልጠጣም ይላል። ትንሽ ከፍ ብሎ አንዲት ሴት ከወንዙ ዳር አሸዋ ቆፍራ የሚያዣውን ውሃ በጣሳ ትጠብቃለች። ማን መሆኑን አላወቀችም።

«ከላይ ነዎት? ላይ ያለውስ ውሃ ደህና ነው?» አለችው።

«ደህና ነው» አላት። መንገዱንም ቀጠለ።

ማጠቢያው እንደ ደረሰ ማሽኑን አስቆመ። ሠራተኞቹ የተበላሸ መሰላቸው። ሸክማቸውን አውርደው ተራ የሚጠብቁ ገበሬዎች ነበሩ፤ እሸት ቡና ደግሞ አያድርም። ለምን እንዳስቆመ ሲነግራቸው አንዳንዶቹ አዘኑ፤ አንዳንዶቹ በፊቱ ረገሙት። «ለወንዝ ብለህ እኛን ታከስራለህ?» ያሉትም ነበሩ። የዚያን ዓመት የቀረውን ቡና ውሃ ሳይነካው በማድረቂያ አልጋ ላይ በፀሐይ አስደረቀ፤ ብዙ ጎደለበት። ከዚያ ቦዩን ከወንዙ አስመልሶ ጉድጓዶች አስቆፈረ። እጣቢው እዚያ ይጠራቀማል፤ ዝቃጩ ይዘቅጣል፤ የተረፈው ሥሩ ጠላቂ በሆነ ሣር መካከል እያለፈ ይጠራል። ልጣጩንም ክምር ላይ እያስበሰበሰ ለገበሬዎቹ ማሳ ማዳበሪያ አደረገው። የረገሙት ሰዎች ከጊዜ በኋላ ልጣጩን ሊወስዱ ሲሻሙ እሱ እርግማናቸውን አንድም ቀን አላስታወሳቸውም።

በቀጣዩ የለቀማ ወራት ወደ ታችኛው መንደር ወረደ። ልጅቷ ለሌላ ሰው ተድራ ነበር። ሽማግሌው አልደበቁትም፤ «አንተ ዝም ብለህ ቆየህ፤ ምን ብለን እንጠብቅ?» አሉት። ልጁ እስከ ዛሬ ድረስ አኩርፎታል ይባላል። ዓሣውም ገና አልተመለሰም ነበር። የሕፃናቱ እግር ግን ድኗል፤ ከብቱም ይጠጣል።

የመንደሩ ሴቶች መምጣቱን ሰምተው ወጡ። ከወንዙ ውሃ ቀድተው በሁለት እጃቸው አቀረቡለት። «እድሜ ይስጥልን፤ ውሃችንን መለስክልን፤ ልጆችህ ይባረኩ» እያሉ መረቁት። እሱ እንደገና አፈረ። አስቀድመው እሱ ላቆሸሸው ይቅርታ ጠይቀውት ነበር፤ አሁን ደግሞ ማቆሸሹን ስለተወ ያመሰግኑታል። «አታመስግኑኝ፤ የሰጠኋችሁ ነገር የለም» አላቸው። ትሕትና መሰላቸውና ምርቃቱን አበዙት። አንገቱን ደፍቶ ውሃውን ጠጣ።

መምህሩ ተረኩን እዚህ ላይ አቆመና ወደ ዘኪያ ዞረ።

«እንግዲህ ጥያቄሽ ይኸው ነው። ልጣጩ መርዝ የለውም፤ እዚህ ላይ ልክ ነሽ። እፍኝ ልጣጭ ወንዝ ቢገባ በውሃው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ይበሉታል፤ ውሃውም ይጠራል። ብዙ ሲገባ ግን እነዚያው ተሕዋስያን በልጣጩ ያለውን ስኳር እየበሉ ሲባዙ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣው ታፍኖ ይሞታል፤ ውሃው ይጎመዝዛል። ስለዚህ ‘ይህ ነገር ንጹሕ ነው ወይስ መርዝ?’ ብለሽ ብቻ አትጠይቂ። ‘ምን ያህል ነው? ወዴትስ ይሄዳል?’ በይ። አካባቢው ራሱን ሊያጠራ ከሚችለው በላይ የጫንሽበት ነገር፣ ማርም ቢሆን ብክለት ነው።

«ተፋሰስ የሚለውንም ቃል ተምረሻል። ከራስጌ ያለውና ከግርጌ ያለው አንድ ውሃ የሚያገናኛቸው የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ የራስጌው ሰው የሠራውን አያይም። ወንዙ ይሸሽግለታል። ደግ ሰው መሆኑም አያሳየውም፤ ያ ሰው ደግ ነበር።»

ዘኪያ የፈተናውን ወረቀት ጫፍ ታጥፈው ጀመር። ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሣችም።

«መምህር... አባቴን ነው?» አለች።

«አይደለም። የአባትሽ ማጠቢያ ውሃ ወዴት እንደሚገባ እኔ ወርጄ አላየሁም፤ ያላየሁትን አልናገርም። ጥያቄሽ ግን የዚያ ሰው ጥያቄ ነው። ‘ቡና መርዝ ነው እንዴ?’ ብሎ መጠየቁ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ ከታች የመጡት ሰዎች ሳይመልሱለት እሱ ራሱ መመለሱ ነው። አንቺም ወረቀትሽ ላይ ያደረግሽው ይህንኑ ነው፤ ማንም ሳይጠይቅሽ መለስሽ።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«ማፈርሽ ክፉ አይደለም» አላት፤ «ብቻ እዚህ ወንበር ላይ አትጨርሺው። ከእናንተ ማጠቢያ በታች የመጀመሪያው ቤት የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ሂጂና ውሃቸው እንዴት እንደሆነ ጠይቂያቸው። የሚሉሽን ስሚና ነይ፤ ያን ጊዜ ይህችን መስመር አብረን እናርማታለን።»