የቀንበሩ ባዶ ጎን

ተረት ተረት! «የላም በረት» ብትሉኝ ዝም እላለሁ፤ «የበሬ ጉልበት» በሉኝ።

እንስሳቱ ሥራ ይቀላጠፍ ብለው ጦጣን አለቃ አደረጓት። ምላሷ ከዚህ እስከ ገበያ ይደርሳል። ዝናቡ ሳያልፍ ጤፉ ካልተዘራ ደግሞ ለከርሞ እህልም ጭድም የለም።

ጦጣ ከዛፏ ላይ ሆና ጥንድ በሬዎቹን፣ ዳልቻንና ወይኖን፣ አየችና፣ «ለአንድ ትልም ሁለት በሬ? ይሄ ብክነት ነው! ዳልቻ ይረስ፤ ወይኖ ጥላ ሥር ሆኖ ትልሙን ይቁጠር» አለች።

ወይኖ ደስ ብሎት ተጋደመ። ዳልቻ ብቻውን ቢስብ ቀንበሩ ተንጋደደ፤ ማረሻውም ወደ ሰማይ ዞሮ ደመናውን አረሰ። ሰባት ትልም በዓይኔ አይቻለሁ!

ዳልቻም መሬት ላይ ተዘረጋ።

«ተነስ እንጂ፣ አንተ ሰነፍ!» አለች ጦጣ።

«አልነሳም፣ እመቤቴ። ይሄ ቀንበር ሁለት አንገት ይፈልጋል። ወይ ወይኖን መልሺ፣ ወይ አንቺ ግቢ።»

«አለቃ ሆኜ?»

«አለቃስ አንገት የለውም?»

ዘር ይዘው የቆሙት እንስሳት ሁሉ ዞረው የጦጣን አንገት ያዩ ጀመር። ጦጣ አንገቷን ዳሰሰችና ወደ ጥላው በረረች።

«ወይኖ! ወይኖዬ! ኧረ ተነስ፣ የኔ ጌታ!»

ተረቴን ዘራሁት፤ አፌን በጠላ አርጥቡት።