አህያዋ እና ከግርጌ የተቆረጠው ቃል

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ሁለት ክረምት ተከታትሎ በቀረበት ጫካ ውስጥ ሸክም የሰለቻት አህያ ትኖር ነበር። ለአንበሳ ግቢ እንጨት የምታመላልስ እሷ፣ ውኃ የምታመላልስ እሷ፣ የንጉሡ ዘመድ ሲሞት ድንኳን የምትሸከም እሷ። የጀርባዋ ገጣባ ሳይደርቅ ሌላ ጭነት ይመጣል። ይህን እንኳ ማን ባየልኝ እያለች ትውል ነበር፤ ማንም አላየላትም።

በዚያ ድርቅ መካከል አንበሳ አዋጅ አስነገረ። በዋርካው ሥር በሚያስተምሩት በመምህር ጉሬዛ ትምህርት ቤት ያሉ ተማሪዎች ሁሉ «ሣር ሲጠፋ ምን ይበላል?» በሚል ርእስ ጥናታዊ ጽሑፍ እንዲያቀርቡ አዘዘ። አንደኛ የወጣው ጽሑፍ የጫካው ሕግ ይሆናል፤ ጸሐፊውም ዕድሜ ልኩን ሸክም አይነካውም። ከተማሪዎቹ አንዷ የሆነችው አህያ ከአዋጁ ሁሉ ልቧ የቀረው የመጨረሻው ነገር ላይ ነው። ያን ቀን የተሸከመችው እንጨት እንኳ ቀለላት።

መምህር ጉሬዛ ጥሩ ሕግ ነበራቸው፤ እሱን መካድ ነውር ነው። «የሰማችሁትን ከማን እንደሰማችሁ፣ የት እንደሰማችሁም ከግርጌ ጻፉ። ዋቢ የሌለው ቃል ባለቤት እንደሌለው ከብት ነው፤ ያገኘው ሁሉ ይነዳዋል» ይሉ ነበር። ችግሩ ሲያርሙ ነው። ሲያርሙ መጀመሪያ የተጻፈበትን የኮባ ቅጠል ኅዳግ በጣታቸው ይለካሉ፤ ከግራ ሁለት ጣት፣ ከቀኝ አንድ ጣት። ቀጥሎ ከግርጌ ስንት ስም እንዳለ ይቆጥራሉ። ስሙ የማን እንደሆነ፣ የተጠቀሰውም የተባለውን ነገር ብሎ እንደሆነ ከዛፋቸው ወርደው ጠይቀው አያውቁም። ያ ነጭ ካባቸው እንዳይቆሽሽ ፈርተው ይሆናል።

ሌሎቹ ተማሪዎች ከዋርካው ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲገምቱ፣ አህያዋ ለመጠየቅ ተነሣች። ሦስት ቀን ተጓዘች። ገበሬዎች ድርቁን ሸሽተው የለቀቁት ማሳ ስትደርስ፣ ጤፉም ሽንብራውም አልቆ ጓያ ብቻውን ለምልሞ ቆሟል። ጓያ መቼም እልኸኛ ነው፤ ሌላው ሲሞት እሱ አይሞትም። ልትግጥ አንገቷን ስትሰድ፣ ከማሳው ጫፍ ከቁልቋል ሥር የተኛ ሽማግሌ በሬ ጠራት። ስሙ ዳልቻ ነው።

«ልጄ፣ ከመብላትሽ በፊት ወደዚህ ነይ። እኔ እንዳልመጣ እግሬ አይታዘዘኝም» አላት።

ቀርባ አየችው። የኋላ እግሮቹ ከሥሩ ተጣጥፈው ቀርተዋል፤ ጉልበቶቹ ሲነኳቸው እንደ ደረቀ ቁርበት ግትር ናቸው። ዳልቻም ታሪኩን አጫወታት። በቀደመው ድርቅ ነፍሱን ያተረፈለት ይኸው ጓያ ነው። ከገለባና ከሌላ ቅጠል ጋር እየቀላቀሉ ጥቂት ጥቂት የበሉት ጓደኞቹ በእግራቸው ሄዱ። እሱ ግን ጣፈጠውና ሦስት ወር ሙሉ ጓያ ብቻ በላ፤ አንድ ቀን ጠዋት ሊነሣ ሲል እግሮቹ ከዱት።

«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ሲሉ የምትሰሚው እኔን ነው» ብሎ ሳቀ። አህያዋ ግን ሳቅ አልመጣላትም።

«ስምዎን ልጻፈው፣ አባባ ዳልቻ?»

«ጻፊው። ያለሁበትንም ጻፊው። ያላመነ መጥቶ ጉልበቴን ይይ፤ እኔ ከዚህ የትም አልሄድ።»

እሷም ጻፈች። ጓያ ድርቅን እንደሚችልና ነፍስ እንደሚያተርፍ ከላይ አሰፈረች። ከግርጌ፣ ከዋቢው ቦታ ላይ፣ «ይህን የነገረኝ ከቁልቋሉ ሥር የተኛው በሬ ዳልቻ ነው፤ ሦስት ወር ጓያ ብቻ በልቶ ሽባ ሆኗል፤ ሄዳችሁ ጉልበቱን እዩ፤ ሳትቀላቅሉ አትብሉት» ብላ ጨመረች። ማስጠንቀቂያውን ከተጎዳው በሬ ስም ነጥሎ መጻፍ ግፍ መስሎ ታያት።

የአህያ ሰኮና መጻፉን ይጽፋል፤ ማሳመር ግን አይሆንለትም። መስመሯ ተወላገደ፤ ኅዳጓ አንድ ቦታ አራት ጣት ሆነ፣ ሌላ ቦታ ጭራሽ ጠፋ። ከዋርካው ጀርባ ደግሞ የቀበሮ ጽሕፈት ቤት ነበረ። በሩ ላይ «ኅዳግ እናስተካክላለን፣ ሽፋን እናሳምራለን፣ ዋቢ እንደረድራለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። አያ ጅቦ እንኳ የዘወትር ደንበኛው ነው። አህያዋ ቅጠሏን ይዛ ገባች።

ቀበሮ አንዴ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው፤ ከዚያ ጢሙን ላሰ።

«እትዬ አህያ፣ ይሄ እኮ ትልቅ ነገር ነው። ተይልኝና ነገ ነይ። ከአንቺ ምንም አልቀበልም» አላት።

ቀበሮ በነጻ ልሥራልሽ ሲል ያኔ ነው መሸሽ። አህያዋ ግን ሦስት ቀን ሄዳ ሦስት ቀን ተመልሳ ደክሟታል፤ በሕይወቷም ጽሑፍሽ ትልቅ ነው ያላት አልነበረም። አምናው ትታለት ወጣች።

በማግሥቱ ስትመጣ ቅጠሏን ሳይነካው መለሰላት። አመመኝ አለ፤ ጊዜ አጣሁ አለ። እውነትም ጊዜ አጥቶ ነበር፤ የሷን ቃል ወደ ራሱ ቅጠል ሲገለብጥ ነው የዋለው። ከላይ ያለውን አንድ ሳያስቀር ወሰደ። ከግርጌ ሲደርስ ግን ቆመ። ሽባ በሬ ዋቢ አድርጌ ማን ያከብረኛል ብሎ፣ የዳልቻን ስም ከነማስጠንቀቂያው ቆርጦ ጣለው። በምትኩ የትልልቅ ሰዎች ስም ደረደረ፦ የወንዝ ማዶው ሊቁ ዝሆን፣ የንጉሡ አያት፣ ዕድሜ ጠገቧ ኤሊ። አንዳቸውንም አነጋግሮ አያውቅም። ስሞቹ ግን በፊደል ተራ ቁጭ ቁጭ ብለዋል፤ ኅዳጉ ልክ ነው፤ ሽፋኑም በእንሶስላ ቀልቷል።

የእርማቱ ቀን መምህር ጉሬዛ የአህያዋን ጽሑፍ ሲያዩ ጥቁር ፊታቸው ከወትሮው ብሶ ጠቆረ።

«ኅዳግሽ የት አለ?»

«ጌታዬ፣ ከግርጌ ያለውን ቢያነቡልኝ።»

«ኅዳግሽ የት አለ ነው ያልኩሽ። ሽባ በሬስ ከመቼ ወዲህ ነው ዋቢ የሆነው?»

ዜሮ ሰጧት። የወደቀ ጽሑፍ ወደ መዝገብ ቤት ይላካል፤ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ፍየል ናት። ኮባ ቅጠል ፍየል ዘንድ እንዴት እንደሚቀመጥ ለእናንተ አይነገርም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከአህያዋ ጽሑፍ የተረፈው ዘንጉ ብቻ ነበር።

አያ ጅቦ በተራው የቀበሮን ጽሑፍ ከነስሙ ገልብጦ አቀረበ።

«ጅቦ፣ እዚህ ጋ በቀበሮ የተዘጋጀ ይላል። ስምህን ቀየርክ እንዴ?» አሉት መምህሩ።

«እሱን እንጃ ጌታዬ። ኅዳጉ ግን ሁለት ጣት ነው» አለ ጅቦ።

ለኩት። ሁለት ጣት ነበር። አሳለፉት።

ቀበሮ አንደኛ ወጣ፤ የንጉሡ አማካሪም ሆነ። ሣር በል የሆነ ሁሉ በጫካው ዙሪያ ወዳሉ ሌሎች የጓያ ማሳዎች ተነዳ። አህያዋ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሮጠች፣ ብቻውን እንዳይበሉት፣ ካላመኑ ከቁልቋሉ ሥር የተኛውን ሽባ በሬ ሄደው እንዲያዩ ለመነች። ድኩላው ዜሮ ያገኘች ደግሞ ልትመክረን አለ። በቅሎዋ የገዛ ወንድሟ ልጅ ሳለች በሰው ፊት አታዋርጂኝ አለቻት። እንኳን ምክሯን፣ ሰላምታዋንም ያልተቀበሏት ነበሩ። በሠፈሩ ቃሏን ከልቡ ያዳመጠ አንድ ጅቦ ብቻ ነው። የት ነው የተኛው? መነሣት አይችልም ነው ያልሽኝ? ብሎ ደጋግሞ ጠየቃት። እሷም በመጨረሻ አንድ ሰሚ አገኘሁ ብላ ደስ አላት፤ መንገዱን ሳታስቀር አሳየችው።

ሦስት ወር አለፈ። በአራተኛው ወር መባቻ ድኩላው ሊነሣ ሲል እግሩ እምቢ አለው። በቅሎዋ ተከተለች፤ ከዚያ ፈረሱ፣ ከዚያ በጎቹ። ጠዋት ጠዋት በጫካው ውስጥ ሊነሣ የሚታገል እንስሳ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ጓያውን ከገለባ እየቀላቀለች ስትበላ የከረመችው አህያ ብቻ በአራት እግሯ ቆማ ቀረች። ጅቦም ወፈረ። በዘመኑ የተሳካለት ጥናት ይህ አንዱ ነው ይል ነበር፤ ለእሱ እውነቱን ነው።

አንበሳ ተቆጥቶ ጥፋተኛው የሚፈለግበት አውጫጭኝ አስቀመጠ። ያልመጣ የለም፤ መራመድ ያቃተው እየተጎተተ መጣ። ዋቢዎቹ አንድ በአንድ ተጠሩ። ሊቁ ዝሆን ከሞቱ ሰባት ዓመታቸው ነው። ኤሊዋ ስለ ጓያ ከተወለደች ሰምታ አታውቅም።

«አያቴስ? አያቴ ሣር በልቶ አያውቅም» አለ አንበሳ።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጃንሆይ፣ እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ጽሑፉ የእኔ አይደለም። ቃል በቃል የወሰድኩት ከእትዬ አህያ ነው። ዕለቱ ማክሰኞ ነው፤ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ከጠዋቱ፤ ቦታው የእኔ ጽሕፈት ቤት፤ የተጻፈው በኮባ ቅጠል በከሰል።»

ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ ቀበሮ እንዲህ አድርጎ ዋቢ ጠቅሶ አያውቅም። መምህር ጉሬዛ ከዛፋቸው ላይ ሆነው ምንም እንዳልጎደለው ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው አረጋገጡለት።

አህያዋ ቃሉ የሷ መሆኑን አልካደችም። ከግርጌው የተቆረጠ አለ፤ መዝገብ ቤቱ ይጠየቅልኝ አለች። ፍየሏ መሬት መሬት እያየች አመነዠከች። እንግዲያው ዳልቻ ይጠየቅልኝ፣ ጉልበቱ ይታይልኝ አለች። መልእክተኛ ሦስት ቀን ሄዶ ሦስት ቀን ተመልሶ፣ ከቁልቋሉ ሥር ሁለት ቀንድና የተበተነ አጥንት ከማግኘቱ በቀር በሬ የሚባል እንደሌለ ተናገረ። ከጫካው ሁሉ የአህያዋን ዋቢ ሄዶ ያየ ጅብ ብቻ ነበር። እሱም በዚያ ሸንጎ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቅ ነበር።

ያኔ አህያዋ ገባት። ገጣባዋ አልነበረም የመረራት። አባባ ዳልቻ እኔ ከዚህ የትም አልሄድ ያላት ትዝ አላት፤ ወደ እሱ የሚወስደውን መንገድ ለጅብ ያሳየችው እሷ ራሷ ናት። አልቅሳ መናገር አቃታት፤ ዝም ማለቷንም እንደ ማመን ቆጠሩባት።

ፍርዱ አጭር ነበር። ጫካውን ሽባ ያደረገች እሷ ስለሆነች ሽባዎቹን ሁሉ እሷ ትሸከም፤ እሷ ስታልፍ ልጆቿ ይሸከሙ ተባለ። ቀበሮ እውነቱን ስላወጣ ተመስግኖ አማካሪነቱ ጸናለት። መምህር ጉሬዛ ደግሞ እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳይደገም ብለው የግራው ኅዳግ ሦስት ጣት እንዲሆን ደነገጉ።

ይኸው እስከ ዛሬ አህያ ትሸከማለች። ተሸክማ ስትሄድ ድንገት ቆማ ጮክ ብላ የምትጀምረው ነገር አለ፤ ሳትጨርሰው ድምፅዋ ተቆራርጦ ይቀራል። የአንድ በሬ ስም ነው ይላሉ። እስከ መጨረሻው ያዳመጣት ግን የለም።

ከዚህ የምንማረው፣ የሌላውን ቃል ወስዶ የባለቃሉን ስም የሚያስቀር ሰው፣ ስሙን አሳምሮ የሚጠራው ጥፋቱን የሚጭንበት ጀርባ ሲፈልግ መሆኑን ነው።