ሁለተኛው ጉንጭ

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበር፤ ጢሙን አልላጭም ብሎ ስምንት ወር የተቀመጠ።

ስሙን ጋሽ ድንበሩ እንበለው። በእኛው ብርዳም ከተማ የሚኖር፣ ከግምጃ ቤት ሥራ ጡረታ የወጣ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ ሞተችበት። በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ጢሙን ያሳድጋል፤ አርባው ሲወጣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ያስላጨዋል። ይህን የማያውቅ ከመካከላችሁ አለ? የለም።

የወይዘሮ አስካለ አርባ ወጣ። አንድ ጎረቤት ምላጭና ሳሙና ይዞ መጣ። ጋሽ ድንበሩን ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጡትና መላጨት ጀመሩ። ቀኝ ጉንጩ አለቀ። ወደ ግራው ሲዞሩ ሰውየው ድንገት ብድግ አለ። «ይበቃኛል!» አለና ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ እንዳለ ነው።

ምን ሆነህ ነው ብሎ የጠየቀው ሰው ነበር? አልነበረም። ያን ቀን እኔም እዚያ ነበርኩ። ምሳችንን በላን፣ «ግትር ነው» ተባባልን፣ ወደየቤታችን ተበተንን። የተላጨው ወገንም ተመልሶ አደገ፤ ጋሽ ድንበሩም በዚያው ጢሙ ቀረ።

ይህ ነገር እሱን ብቻ የሚመለከት ቢሆን ደግ ነበር። ግን ትርንጎ የምትባል ልጅ አለችው። አንድ ጨዋ ልጅ ወዷታል፤ እሷም ወዳዋለች። የልጁ ቤተሰቦች ሽማግሌ ሊልኩ ፈልገው ሁለት ጊዜ ተመለሱ። ጢሙን ያሳደገ አባት ፊት ቆሞ «ልጅህን ለልጃችን» የሚል ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ሐዘን ያልወጣበት ቤት ነዋ! በመጨረሻ የልጁ እናት «ከእሑድ ወዲያ አንጠብቅም፤ ሌላ ቤት እንልካለን» አለች። ትርንጎ አባቷ እግር ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። «አባዬ፣ ለእኔ ስትል» አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ድንበሩ ወደ ጋሽ ባልቻ ፀጉር ቤት ገባ። እኔ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ስብሰባ ስላለብኝ እየቸኮልኩ ነው፤ ግን የጋሽ ድንበሩን ፊት ሳይ ወረፋዬን ለቀቅኩለት። ቸር መስዬ እንዳልታያችሁ። ስምንት ወር ሙሉ ስላልጠየቅኩት ፊቱን ማየት አፍሬ ነው።

ጋሽ ባልቻን ታውቁታላችሁ። በከተማችን በብሩሽና በሳሙና የሚላጭ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሳሙናውን በጣሳ ውስጥ በብሩሽ ይመታል፤ አረፋው ሲነሣ ጣሳውን ሙቅ ውሃ በያዘ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ጥግ ላይ ቡታጋዙ አለ፤ ቡታጋዙ ላይ ማንቆርቆሪያው አለ። የሳህኑ ውሃ በረድ ሲል ይደፋዋል፣ ሌላ ይቀዳል፣ እንደገና በረድ ሲል ይደፋዋል፣ ሌላ ይቀዳል። እኔ ለዓመታት የሽማግሌ ነገር ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ ጢሙን በመቀስ አሳጠረው። ሙቅ ፎጣ ፊቱ ላይ አደረገለት። ከዚያ ቀኙን አረፋ ቀባውና ላጨው። ጋሽ ድንበሩ ዝም ብሎ ተላጨ። ጋሽ ባልቻ ወደ ግራው ሲዞር ግን የወንበሩን እጀታ በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሰውነቱ ደረቀ። መርፌ የሚወጋ ሰው እንዲህ ይሆናል። «ዛሬም ተነሥቶ ሊሄድ ነው» አልኩ በልቤ።

ብሩሹ ግራ ጉንጩ ላይ አረፈ። ጋሽ ድንበሩ ዓይኑን ገለጠ።

«ሞቃል» አለ።

«እንዴት አይሞቅ?» አለ ጋሽ ባልቻ።

«አስካለ ናት እንዲህ የምታደርገው።»

ጋሽ ባልቻ ምላጩን አስቀመጠ። ሰውየው ስምንት ወር ያላወራውን ያን ጊዜ አወራ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢው ውስጥ መስታወት ሰቅሎ ሲላጭ፣ እሷ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጣሳውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ትይዝለት ነበር። ውሃው ሲበርድ ትቀይረዋለች። ተይ ሲላት «ግራ ጉንጭህ ምን በደለ?» ትለዋለች።

«በአርባዋ ቀን» አለ ጋሽ ድንበሩ፣ «ቀኙን ሲላጩኝ ደህና ነበርኩ። ግራው ላይ አረፋው በርዶ አረፈብኝ። በረዶ ነው የሚመስለው። ባልቻ ሙት፣ ቀብሯ ላይ እንኳ የሞተች አልመሰለኝም ነበር። መሞቷን ያን ጊዜ አወቅሁ።»

አለቀሰ። እንባው ከሳሙናው ጋር ተደባለቀ። ጋሽ ባልቻ ምንም አላለም፤ ፎጣውን ብቻ ሰጠው።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። አዎ፣ እናንተን ፍቅር የማስተምረው ሰው ሰዓቴን አየሁ! ይባስ ብዬም «ጋሽ ባልቻ፣ የቀረው አንድ ጉንጭ ነው። ይጨርሱትና ከዚያ ታወራላችሁ» አልኩ።

ጋሽ ባልቻ ዞር ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«መምህር» አለ፣ «ማንቆርቆሪያው ውስጥ ውሃ አልቋል። ከባልዲው ይቅዱና ይጣዱልኝ።»

ተነሣሁና ጣድኩ። ምን ላደርግ? ውሃው እስኪፈላ ቡታጋዙ ጋ ቆምኩ። ሲፈላ ሳህኑ ላይ ገለበጥኩ። ጋሽ ድንበሩ አሁንም ስለ አስካለ ያወራል። ውሃው ሲበርድ ደፋሁ፣ ሌላ ጣድኩ። ሦስት ጊዜ ቀየርኩ፣ ወገኖቼ፤ ሦስት ጊዜ! ስብሰባዬ ያለ እኔ ተጀመረ፤ ያለ እኔም አለቀ። ጋሽ ድንበሩ አውርቶ ሲበቃው ፊቱን ጠረገና ራሱ «በል ጨርሰኝ» አለ። ጋሽ ባልቻ ጣሳውን ከሳህኑ አነሣ። አረፋው ሙቅ ነበር። ግራውን ቀባው፣ ላጨው።

ጋሽ ድንበሩ መስታወቱ ፊት ቆሞ ግራ ጉንጩን በመዳፉ ደጋግሞ ዳበሰው። ከዚያ ወጥቶ ወደ ትርንጎ ሄደ። እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ የትርንጎም ነገር አለቀ።

ያን ቅዳሜ ተራዬ ደርሶ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ጋሽ ባልቻን «ለምንድን ነው እንዲህ የሚደክሙት?» ብዬ ጠየቅኩት። «አረፋ ገና ሲመታ ለማንም ሙቅ ነው፤ ለዚያ እኔ አላስፈልግም» አለኝ። «እየቆየ ነው የሚበርደው። ከሥሩ ውሃ ካልቀየርኩለት ግማሹን ሰው አሞቄ ግማሹን አበርደዋለሁ።»

እኔ በወይዘሮ አስካለ ቀብር ላይ አስተምሬ ነበር። ጥሩ አስተማርክ ያላችሁኝ እዚህ ተቀምጣችኋል። እናንተም መጥታችሁ ነበር፤ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሟል። ሦስት ቀን አስተዛዘንን፣ ንፍሮ ቆረጠምን፣ እንባችን እውነተኛ ነበር። ሙቅ ነበርን። ከዚያስ? ከዚያ ቀኝ ጉንጩን ላጭተን ሄድን።

ያን ሰው በአምስተኛው ወር ማን ጠየቀው? ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን ግቢው ውስጥ ሲቀመጥ ማን አጠገቡ ተቀመጠ? እኔ አይደለሁም። እናንተ ናችሁ? ፍቅር አልነበረንም አልልም፤ ነበረን። ግን ስንጀምር የሞቀው እስከ መጨረሻው የሚያደርሰን መሰለን። ማንቆርቆሪያውን የጣደ አልነበረም።

ወገኖቼ፣ ከባድ ነገር አልጠይቃችሁም። ባለፈው ዓመት ቀብር የሸኛችሁላቸውን ቤቶች ቁጠሩ። የታመመችውን እናት በመጀመሪያው ሳምንት ብርቱካን ይዛችሁ ጠይቃችኋል፤ አሁን ስድስተኛ ወሯ ነው። ሥራ የፈታው ወንድማችሁ ጋ መጀመሪያ በየቀኑ ትደውሉ ነበር፤ አሁን ስልኩን ታዩና «ማታ እደውላለሁ» ትላላችሁ። እግዚአብሔር ለእኛ አንድ ቀን ብቻ ምሕረት አድርጎ ቢተወን ኖሮ ዛሬ የት በሆንን?

ምን ልበላቸው አትበሉ። ጋሽ ባልቻ ያን ቀን ሰውየው ሲያለቅስ ምን አለ? ምንም አላለም። ውሃ ነው ያስቀየረኝ።

ስብከቱ ረዘመ፣ ረፈደብን የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ሰዓት የማየው እንዴት እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። የቸኮለ ይነሣና ይሂድ፤ አልቀየመውም። ወደ ቤቱ ግን አይሂድ።